«ላሊበላ ኪነት» ተብሎ ሲለጠፍ መድረክ ላይ የሚቆመው ማን ነው?

የድሮ ባንዶች «ዳግም ተገናኙ» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አንዱ ትዝታ ነው። ሌላው ጠብ ነው። ትዝታውን ሁሉም ይፈልገዋል፤ ጠቡን ግን አዘጋጁም፣ ስፖንሰሩም፣ ጋዜጠኛውም «የቤት ውስጥ ጉዳይ» ብለው ያልፉታል። ማን ዋና አባል ነበር? ማን ነው ስሙን ይዞ የቀረው? ከበሮ መቺው ለምን አልተጠራም? እነዚህ ጥያቄዎች የአርቲስቶች ቅናት ተደርገው ይታያሉ። በእርግጥ ቅናትም አለበት። ነገር ግን ደሴ ላይ ቢነሡ ከቅናት በጣም የሚበልጥ ነገር ይነካሉ።

ደሴ ሲባል የሚነሣው ስም የታወቀ ነው፤ ላሊበላ ኪነት። ከአብዮቱ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ደግሞ ላሊበላን ይዘው ወጡ። የስም አወጣጡን ልብ ይሏል። ንጉሥ፣ የወንዝ ምንጭ፣ ቅዱስ ከተማ። ማንም ግለሰብ «የእኔ ነው» ሊላቸው የማይችሉ ስሞች ናቸው። ቡድኖቹ የመንግሥት ነበሩ፤ በሰልፉም፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም፣ በጦር ግንባሩም ተሰልፈዋል፤ የታዘዙትንም ዘፍነዋል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከዚያው መድረክ ግን ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ወጥታ አምባሰልን አገር እንዲያውቀው አድርጋለች። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ምድር የቦታ ስም የሚጠሩ ናቸው። ይህን ቅርስ ይዞ በየመንደሩ የዞረ ቡድን «አንድ ጊዜ እንኳ እንየው» ቢባል አይገርምም።

ችግሩ ቡድኑን ያቋቋመው ወሎ ክፍለ ሀገር ዛሬ የለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ ሰፊ ግዛት ወደ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተከፋፈለ፤ ከዳር ያሉት ቦታዎችም ወደ አፋርና ወደ ትግራይ ክልሎች ተካለሉ። የቡድኑ መቀመጫ ደሴ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። ስሙ የተወሰደበት ላሊበላ ያለው ሰሜን ወሎ ነው። የባቲ ከተማ ያለችው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ታዲያ «ላሊበላ ኪነት ዳግም በመድረክ» የሚል ፖስተር ቢለጠፍ ስሙን የመስጠት ሥልጣን ያለው የትኛው ባህል መምሪያ ነው? ደሴ ያለው፣ አዳራሹ በእጁ ስለሆነ? ወልድያ ያለው፣ ከተማዋ በእሱ ዞን ስለሆነች? ወይስ ባሕር ዳር ያለው፣ የሁለቱ የበላይ ስለሆነ? አንድ ቀን አንዱ ቢሮ ስሙን አንሥቶ ዕድሜያቸው 20ዎቹ ውስጥ ያሉ ተወዛዋዦችን ቢያሰልፍበት የሚከለክለው የለም። በወረቀት ደረጃ «ቀጣዩ ትውልድ» ነው። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው የ60 ዓመት ሰው ግን ሊያይ የመጣው ቀጣዩን ትውልድ አይደለም።

በሌላው ዓለም ይህ ጠብ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1974 እ.ኤ.አ. የፍሊትውድ ማክ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው «ስሙ የእኔ ነው» ብሎ ከባንዱ ጋር አንድም ቀን ያልተጫወቱ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ በዚያው ስም አሜሪካ ውስጥ አዞራቸው። ታዳሚው ትኬት ገዝቶ ገብቶ የሚያውቀው ፊት አጣ። ነገሩ በክስ አለቀ። ሮጀር ዋተርስ ከፒንክ ፍሎይድ በ1985 ከወጣ በኋላ «ያለ እኔ ስሙን አትጠቀሙም» ብሎ ከሰሰ፤ ተስማምተው ጨረሱ፤ አራቱም በአንድ መድረክ ለመቆም እስከ 2005 ጠበቁ፤ እሱም ለአንድ ምሽት ብቻ። ቢች ቦይስ በ2012 የ50 ዓመት በዓላቸውን አብረው ዞሩ፤ ወዲያው ግን በስሙ የመጠቀም ፈቃድ የያዘው ማይክ ላቭ ዘፈኖቹን የደረሰውን ብራያን ዊልሰንን ትቶ በዚያው ስም መጫወቱን ቀጠለ። ሮክ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ስም ንብረት ነው፣ ንብረት ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ የዘፈኑ ደራሲ ላይሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥስ? የድሮው የክለብ ዘመን ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ዓይነት ባለቤትነት ነው። መሣሪያው የሆቴሉ ወይም የክለቡ ስለነበረ ሙዚቀኛው ቦታ ሲቀይር ጊታሩንም አምፕሊፋየሩንም ትቶ ነበር የሚወጣው። የዋልያስ ባንድ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው መሥራት በመጀመራቸው ስማቸውም የራሳቸው ሆነ። ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆነው «ቼ በለው»ን በ1977 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ በ1981 አሜሪካ ለጉብኝት ሄዱ፤ እዚያም ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። እነ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነና ሞገስ ሀብቴ ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ «ዋልያስ» ማን ነበር? የተመለሱት ወይስ የቀሩት? ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ በ2013 አሮጌው ካሴቱ ዳግም ሲታተም ዓለም «አገኘነው» ብሎ ጮኸ። እሱ ግን «ዋልያስ ተመለሰ» ብሎ አልለጠፈም። በራሱ ስም፣ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ወጣ። አሮጌውን ሙዚቃ ተጫወተ፣ አሮጌውን ስም ግን አልወሰደም። ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ድርጊት ብዙ ይናገራል።

(በነገራችን ላይ፣ የዚያን ዘመን ሌላው ትልቅ ባንድ አይቤክስ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ ያው ዋልያ ነው። ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድ እንስሳ ስም። ከአይቤክስ የወጣው ባንድ ደግሞ ሮሃ ተባለ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ዝነኛ ባንድና የደሴው ኪነት የተሰየሙት በአንዲት የወሎ ከተማ ነው፤ አንዱ በአሮጌ ስሟ፣ ሌላው በአዲሱ። በዚህ የተጣላ ግን የለም።)

ሮሃ ከ250 በላይ አልበሞችን አጅቧል ይባላል። የካሴቱን ሽፋን ያየ ሰው ግን የሚያስታውሰው ምንድን ነው? የዘፋኙን ፎቶ፣ የሙዚቃ ቤቱን ስም፤ ቢበዛ ከታች «አጃቢ ሮሃ ባንድ» የሚል መስመር። ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን፣ ሰላም ሥዩም ጊታሩን፣ ዳዊት ይፍሩ ኪቦርዱን እንደተጫወቱ ያወቀው ጉዳዩን የተከታተለ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከሆነ ደሴ ላይ ምን ሊሆን ይችላል? ክራር የመታው፣ ዋሽንት የነፋው፣ ከበሮውን አንጠልጥሎ ሦስት ሰዓት የቆመው ሰው ስም የት ተጽፏል? የቡድኑ ስም ታዋቂ ነው፤ የሁለት ወይም የሦስት ድምፃውያን ስም ታዋቂ ነው፤ የተቀረው «እና ጓደኞቹ» ነው።

ለዚህም ነው የአሰላለፍ ጠብ መጥፎ ነገር ያልሆነው። እንዲያውም የአጃቢው ስም በአደባባይ የሚጠራበት ብቸኛ አጋጣሚ ሆኖ ይገኛል። «እገሌ ሳይኖር ምን ላሊበላ ኪነት ነው!» ብሎ የሚጮህ ሰው ሲኖር ያ እገሌ የተባለ ሰው ቢያንስ እንደነበረ ይታወቃል። ጠቡን አዳፍኖ ሁሉንም በአንድ የባህል ልብስ ማልበስና ፎቶ ማንሣት ግን ለአጃቢው ሁለተኛ ሞት ነው።

በሌላ በኩል «ዋናው አሰላለፍ» የሚለውን ክርክር እስከ ጫፍ የሚወስዱት ሰዎችም ተሳስተዋል። የአራት ልጆች ሮክ ባንድ ዋና አሰላለፍ ይኖረዋል። ኪነት ግን እንደዚያ አልነበረም። ለ17 ዓመታት ሰው ሲገባና ሲወጣ የኖረበት ቤት ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ተቀጥሮ ይሄዳል፣ አንዷ አግብታ ትቀራለች፣ ሌላው ከግንባር አይመለስም። በ1970 የነበረው ቡድንና በ1980 የነበረው ቡድን በስም ካልሆነ በሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። «እኔ መሥራች ነኝ» የሚለውና «እኔ እስከ መጨረሻው ቆይቻለሁ» የሚለው ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ላይ ፈራጅ የሚሆን የመዝገብ ቤት ሰነድ ቢኖር ጥሩ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ግን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ምን እንዳሳለፉ ይታወቃል፤ ከዩኒቨርሲቲው እስከ ሆስፒታሉ፣ ከፋብሪካ እስከ ሙዚየም የተዘረፈበት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀትን ብቻ ተማምኖ መጠበቅ የዋህነት ነው። መዝገቡ አሁን ያለው በሽማግሌዎቹ ራስ ውስጥ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እየሳሳ ነው።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኝን ብቻ ሳይሆን «ከዋኝ» ብሎ ተጫዋቹንም ያውቀዋል፤ የከዋኙን መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቁጥሩን አስሉት። ይህ ጥበቃ ለአሮጌ ቅጂዎች ይሠራል ቢባል እንኳ በ1970 የተቀዳ ሥራ 50 ዓመት የሚሞላው በ2020 ነው። ሩቅ አይደለም። ስሙን በተመለከተ ደግሞ የንግድ ምልክት አዋጁ ቁጥር 501/1998 አለ፤ ግን «ላሊበላ» የሚለውን ቃል ሆቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ አስጎብኚ ድርጅቱም የሚጠቀምበት ነው። አንድ ቡድን ለብቻው ይዞት ሌላውን ሊያስከለክል ይችላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ሮክ ባንዶቹ የሄዱበት የፍርድ ቤት መንገድ እዚህ ብዙ ርቀት አያስኬድም። የሚያስኬደው በፖስተሩ ላይ እውነቱን መጻፍ ነው።

«ላሊበላ ኪነት» ብሎ መለጠፍና «ከቀድሞው ላሊበላ ኪነት አባላት» ብሎ መለጠፍ በሁለት ቃል ይለያያሉ። የመጀመሪያው የሌሉትንም ይወስዳል። ሁለተኛው የመጡትን ያከብራል፣ ለቀሩትም ቦታ ይተዋል። ከሥሩ የተጫዋቾቹ ስም በሙሉ ይጻፍ፤ እገሌ፣ ክራር፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት። ትኬት የሚገዛው ሰው ማንን ለማየት እንደሚከፍል ይወቅ። አዘጋጆች ይህን የሚሸሹት ፖስተሩ ስለሚጨናነቅ አይደለም። ስም የተጻፈለት ሰው ክፍያ ይጠይቃል፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ክፍያው ደግሞ የጠቡ እምብርት ነው። እንዲህ ዓይነት ዝግጅት ሲታሰብ በጀቱ በአንድ በኩል ለአዲስ አበባ የድምፅና የመብራት ኪራይ፣ በሌላ በኩል ከውጭ አገር ለሚመጣ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ የአውሮፕላን ትኬት ያልቃል። ከጦሳ ሥር፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖረው የቀድሞ ማሲንቆ ተጫዋች የሚደርሰው የምሳና የትራንስፖርት ነው፤ «የከተማህ ዝግጅት እኮ ነው» ተብሎ። የታመመውና አልጋ ላይ ያለው ጨርሶ አይቆጠርም፣ መድረክ ላይ አይወጣምና። ይህ መገልበጥ አለበት። መምጣት ያልቻለ የቀድሞ አባልም ከገቢው ድርሻ ይኑረው፤ ስሙ እየተሸጠ ነው። ታዋቂዋ ድምፃዊት አትጠራ ማለት አይደለም፤ ሰው ቲኬት የሚገዛው በእሷ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን የስም ዝርዝሩ ከእሷ አይጀምር።

ወጣቶቹስ? ዛሬ ወሎ ባህል አምባ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች የዚህ ጉዳይ ጠላቶች ተደርገው መታየት የለባቸውም። እንዲያውም አሮጌዎቹ መሪውን ሲመቱ እነሱ እንዲያጅቡ፣ የአምባሰሉን አያያዝ ከእጅ ወደ እጅ እንዲቀበሉ ማድረግ ከንጹሕ «ዳግም ውህደት» ይልቅ ሳይጠቅም አይቀርም። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር ግን ታዳሚው ማየት አለበት፤ የትኛው ያኔ የነበረ፣ የትኛው ዛሬ የተቀላቀለ እንደሆነ። የ22 ዓመት ልጅን «ዝነኛው ላሊበላ ኪነት» ብሎ ማስተዋወቅ ለልጁም ክብር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ኮምቦልቻ። እንዲህ ያለ ዝግጅት ሁልጊዜ ደሴ ላይ ይታሰብና ኮምቦልቻ «ውጣና እይ» ትባላለች። ሐረጎን በሌሊት ወጥቶ መውረድ በደህናውም ጊዜ ቀልድ አይደለም፤ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ከመሸ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከሥራ በኋላ የሚሄድበት መድረክ የሌለውም እሱ ነው። ሁለተኛው ዝግጅት እዚያ፣ በእሑድ፣ በቀን ይሁን። የቀድሞ አባላት ዕድሜም ከሌሊት መድረክ ይልቅ የቀኑን ይመርጣል፤ ከመኪና ወርደው ሲቀመጡ ፀሐይ ቢያገኙ ይሻላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን አዳራሽም ስፖንሰርም አይደለም። አንድ ደብተርና ሁለት ከሰዓት በኋላዎች ናቸው። አራት አምስት የቀድሞ አባላትን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ቡና አፍልቶ፣ «ማን ነበር? መቼ? ምን ይጫወት ነበር?» ብሎ መጠየቅ። ይጣላሉ። ይጣሉ፤ ጸሐፊው የሁለቱንም ይጻፍ፤ ያልተስማሙበትን ዓመት ከነልዩነቱ ያስፍር። ድምፃቸውም ይቀዳ። ፖስተሩ ከዚያ ደብተር ይወጣል።