ሰብሳቢ ብዕር ሲይዝ

ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ሙዚየም የጎበኘ ሰው በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉትን ጥንታዊ ቅዱሳት ሥዕላት አይረሳም። የሠዓሊዎቹን እጅ እናደንቃለን፤ ይገባቸዋልም። ሥዕሎቹን ያሰባሰቡትን ሰው ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ መጥተው በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን መስቀል፣ የቤት ቁሳቁስና ሥዕል ማሰባሰብ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ቤተ መጻሕፍቱንም ሙዚየሙንም በኃላፊነት የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ሥዕል ከደብሩ ወጥቶ ነጋዴ እጅ ከገባ የየት አጥቢያ እንደነበረ፣ ማን እንዳሣለው የሚመሰክር ይጠፋል። ሆይናትስኪ ሥዕሉን ከማዳን አልፈው ታሪኩን ለመመለስ ደከሙ። ዘመናቸው ከታወቀ ብራናዎችና ከአብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕሎች ጋር እያመሳከሩ የእያንዳንዱን ዕድሜ ፈለጉ። ከ13ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን የኢትዮጵያ ሥዕል የመረመሩበት ትልቁ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ሠዓሊዎቻችን ከውጭ የመጣውን እንዳለ እንዳልገለበጡ እዚያ አሳይተዋል። ለምሳሌ፣ በሮማ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል እዚህ ስትደርስ ሚካኤልና ገብርኤል ክንፋቸውን ዘርግተው በግራና በቀኝ ቆሙላት። ሆይናትስኪ ኢትዮጵያን ለቀው ካናዳ ከገቡ በኋላም ሥራቸውን አልተዉም፤ የተቋሙን ሥዕሎች ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ2000 ሚላን ላይ አሳተሙ።

ለሙዚየም ቢሆን እንኳ ቅርስ ከነጋዴ መግዛት ሌባን ያደፋፍራል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን መዝገብ ነው፤ ፎቶግራፉ፣ ልኩና መገኛው የተጻፈ ሥዕል ቢሰረቅ ገዢ ፊት ለማቅረብ ያስፈራል። አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ንብረታቸውን እንዲህ እንዲመዘግቡ ልንረዳቸው ይገባል።

የዘመናችንን ሠዓሊዎች ሥራ ለምትገዙ ወገኖችም የምለው አለኝ። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉ፦ ሥዕሉ መቼ፣ የት፣ በምን ቀለም ተሠራ? ቀድሞ የማን ነበር? ወረቀቱን ከሥዕሉ ጋር አኑሩ፤ ለተማሪና ለተመራማሪም በራችሁን ክፈቱ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሥዕል የሚያሰባስብ፣ የሚጠብቅና የሚጽፍ ባለሙያ በደንብ ያሠልጥኑ። በጽሑፍ ያልተያዘ ስብስብ ባለቤቱ ሲያልፍ በወራሾች መካከል ይበተናል፤ የተጻፈለት ግን ለአገር ይተርፋል።