ቤትና ኑሮ፦ ሶላር ለቤታችን ያዋጣናል?



የዚህ ወር ርዕሳችን የተነሳው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። እኚህ እናት በወሎ ከሚገኙ ከተሞች በአንዱ ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። በቅርቡ የሁለት ዓመት ቁጥባዋን ላከችና «እማ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሻማ ጋር መታገልሽ ይብቃ፤ በዚህ ሶላር አስገቢበት» አለቻቸው። ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ «ይህን ከገዙ ፍሪጁም ምጣዱም ሁሉም ይሠራል፤ ከእንግዲህ የመብራት ክፍያ ቀረልዎ» አላቸው። እናትየው ግን ገንዘቡን ከመቁጠራቸው በፊት «የልጄ ላብ ነው፤ ባባክነው አላህ ይጠይቀኛል። እስቲ እናንተ ደግሞ አስረዱኝ» ሲሉ ወደ እኛ መጡ።

እኛም ወረቀትና እርሳስ ይዘን አብረናቸው ቁጭ አልን። ያን ዕለት ያሰላነውን እነሆ ለእናንተም እናቀርባለን።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሶላርን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ጣሪያውን ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስንት ዋት እንደሚፈጅ ተጽፎ ይገኛል። ዋቱን ዕቃው በቀን በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው፤ ውጤቱ ዋት-ሰዓት ይባላል።

በእናታችን ቤት ስድስት ባለ 8 ዋት አምፖሎች አሉ። በምሽት አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ 240 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 60 ዋቱ ቴሌቪዥን አራት ሰዓት ቢከፈት ሌላ 240 ይጨምራል። አራት ስልኮችን ለመሙላት 60 ያህል ይበቃል። ድምሩ 540 ዋት-ሰዓት ነው። ትንሽ ፍሪጅ ብቻውን በቀን ወደ 1,000 ይጠጋል።

ምጣዱ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7,000 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ይህ ማለት የአንድ ቀን ጋገራ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ሁሉ ለ13 ቀን ያህል የሚያሠራውን ኃይል ይበላል ማለት ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሰውየው ምን ነክቶት ነው ምጣድም ይሠራል ያለኝ?» አሉ። ምጣድን በሶላር ማሠራት የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ የሚጠይቀው የፓኔል፣ የባትሪና የኢንቨርተር ብዛት ግን የልጅቱን ቁጥባ ብዙ ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል። ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃም የምጣድ ወገን ናቸው፤ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ኃይል በላተኛ ነው።

ከፀሐይስ ምን ይገኛል?

በአገራችን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ብትወጣም ጧትና ማታ ጉልበቷ ደካማ ነው። በጋ ላይ የቀኑ ብርሃን ተጠቃሎ ሲለካ አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበት ካላት ፀሐይ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ 200 ዋት ፓኔል 1,000 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነው ሲቀነስ 700 ያህል እጃችን ይገባል። በደጋው አገር በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ግን አምስቱ ሰዓት ወደ ሦስት ተኩል ቢወርድ የምናገኘው 490 ብቻ ነው። የእናታችን ፍላጎት 540 ስለሆነ ክረምቱን ለመሻገር 250 ዋት ያስፈልጋቸዋል። ሶላር የሚመዘነው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው።

ባትሪን በተመለከተ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እየተሟጠጠ ከዋለ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 600 ብቻ እንቁጠርለት። በደህና ከተያዘ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። የሊቲየም ባትሪ ዋጋው ቢወደድም አብዛኛውን ኃይሉን ሳይጎዳ ይሰጣል፤ አሥር ዓመት ያህልም ሊቆይ ይችላል። ፓኔሉ ራሱ 25 ዓመት ያህል ይሠራል። እንግዲህ በሶላር ላይ ደጋግሞ ወጪ የሚጠይቀው ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለት ቤት፣ ሁለት መልስ

እዚህ ላይ እናትየውን «መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ሲጠፋስ ምን ያህል ይቆያል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ግን ቢቆይ ሦስት አራት ሰዓት ነው» አሉ።

መልሱ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። የመብራት መስመር የገባለትና ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጠፋበት ቤት ፓኔል ላያስፈልገው ይችላል። መብራት ሲኖር ከመስመሩ የሚሞላ አንድ ባትሪና ኢንቨርተር ምሽቱን ያሳልፈዋል። «ክፍያ ይቀርልኛል» ብሎ መግዛትም አያዋጣም። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ በወር ተደምረው 16 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ብቻ ናቸው፤ ከዚህ የሚተርፈው ብር የባትሪውን መተኪያ እንኳ አይሸፍንም። መብራት ለቀናት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ግን ባትሪውን የሚሞላ ፓኔል መጨመር ይገባል።

መስመር ያልደረሰበት የገጠር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ሽቦውን እስከ እያንዳንዱ ጎጆ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። በኩራዝ ጭስ ለሚያጠና ልጅ፣ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ ለሚሄድ ገበሬ፣ ሁለት ሦስት አምፖል የሚያበራ ትንሽ ሶላር የነጭ ጋዙን ወጪና የዓይኑን መቃጠል አብሮ ያስቀርለታል።

ገበያ ስንወጣ

ደህና ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ይሰጣል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ግማሽ ካሬ ሜትር የማይሞላ ፓኔል ላይ «200 ዋት» ተጽፎ ካያችሁ ጽሑፉ ሐሰት ነው። የመኪና ባትሪም አትግዙ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አይደለም። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በዱቤ የምትገዙ ከሆነ ወለድ ያለበት እንዳይሆን ውሉን አንብቡ፤ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ዕቃውን ገዝተው በታወቀ ትርፍ የሚሸጡበት የሙራባሓ ውል ስላለ ለዚህ ዕቃ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ሲተከልም ፓኔሉ የዛፍም ሆነ የጎረቤት ፎቅ ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይሁን፤ ጥቂት ጥላ እንኳ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በመጠኑ ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል፤ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ነፋስ ይግባበት፤ ሙቀት ኃይሉን ይቀንሳልና። በበጋ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ጥረጉ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሊቀጣጠል የሚችል ጋዝ ስለሚያወጣ ከመኝታ ቤት፣ ከእሳትና ከሕፃናት ይራቅ። ኢንቨርተሩን ከቤቱ መስመር ጋር ባለሙያ ብቻ ያገናኘው፤ ያለ ማቀያየሪያ ከተገናኘ ኃይሉ ወደ ውጭው ሽቦ ተመልሶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

እናታችን ምን ወሰኑ?

ከቁጥባው ባነሰ ገንዘብ ባትሪና ኢንቨርተር ሊገዙ ተስማሙ። ጋገራው መብራት ባለበት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «ወንድሜ ገጠር ነው፤ አምስት ልጆች በኩራዝ ነው የሚያጠኑት። የተረፈው ለሱ ትንሽ ሶላር አይገዛም?» አሉ። ይገዛል አልናቸው፤ ግን ገንዘቡ የልጅቱ ነውና አስቀድመው ይጠይቋት። እዚያው ፊታችን ደወሉላት። ልጅቱ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ «እማ፣ እኔ እኮ የላክሁት ለብርሃን ነው፤ የማንም ቤት ይብራ» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።