ከጋዙ በፊት ቀዳዳውን

«ኤሲው አይቀዘቅዝም፤ ትንሽ ጋዝ ሙላልኝ።» የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ወደ ጋራዣችን የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለኝ ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ሳልፈትሽ አልሞላም እላለሁ። ከፊሉ ይቆጣና ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሄዳል።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ትነት እየሆነ የሚዞረው ያው አንዱ ጋዝ ነው፤ ከጎደለ በአንድ በኩል ወጥቷል። በነዳጅ መኪና ላይ ነገሩን ማለባበስ ይቻል ነበር። እዚያ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ስለሆነ ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ጎሚኒም ከዓመት ዓመት ጥቂት ጥቂት ያስተነፍሳል። የኤሌክትሪክ መኪናው ኮምፕሬሰር ግን ሞተሩም መጭመቂያውም በአንድ ቤት ታሽገው የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ዘንግ የለውም። ስለዚህ በየዓመቱ ጋዝ የሚጎድለውን የኤሌክትሪክ መኪና «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አያስኬድም።

«አዲስ አበባ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚለኝም አለ። በክረምት የፊት መስታወቱን ጉም የሚያደርቅልህ እሱ መሆኑን እንተወውና፣ በብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ጋዝ ነው። ጋዙ ከጎደለ ፈጣን ቻርጅ ላይ ባትሪው ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ቻርጁን ይቀንሰዋል። ይህን ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው ቶሎ ያውቀዋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደጃፋችን ላይ የሚቆሙት መኪኖች ተለውጠዋል፤ የእጃችን ልማድ ግን ያው ነው። ቱቦውን ሰክቶ ሰማያዊው ጌጅ የለመደው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሲሊንደሩን መዝጋት ለነዳጅ መኪናም ቢሆን ግምት ነበር። የኤሌክትሪኩን ኮምፕሬሰር ፍጥነት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ጌጁ ስለ ጋዙ መጠን የሚነግርህ ነገር ጥቂት ነው። መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው። ኮፈኑ ስር የተለጠፈው ወረቀት 550 ግራም የሚል ከሆነ ያለውን ጋዝ በማሽን ስቦ መመዘን፤ 380 ከወጣ 170ው የት ገባ ብሎ መፈለግ።

ከዚህ የባሰው ዘይቱ ነው። የኤሌክትሪኩ ኮምፕሬሰር ጥቅል ሽቦ ብዙ መቶ ቮልት ተሸክሞ በጋዙና በዘይቱ መካከል ነው የሚሠራው። ስለዚህ ፒኦኢ የሚባለውን፣ ኤሌክትሪክ አሳልፎ የማይሰጥ ዘይት ይፈልጋል። በነዳጅ መኪና የለመድነው ፓግ ዘይት ጥቂት እንኳ ከገባበት ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው ማለፍ ይጀምራል፤ መኪናውም ይህን ሲደርስበት አልነሳም ሊል ይችላል። ጠዋት ከነዳጅ መኪና የተነቀለ ቱቦ ሳይጸዳ ከሰዓት በኤሌክትሪኩ ላይ ሲሰካ፣ በውስጡ የቀረው ዘይት አብሮ ይገባል። ኤሲ ሊያስሞላ በእግሩ የመጣ መኪና ተጎትቶ ሲሄድ አይቻለሁ።

ፍለጋው ትዕግሥት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው፤ በእኛ አገር አቧራ ደግሞ ዘይት የነካው መጋጠሚያ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ቀለበት ያበጃል። ከማንኛውም መሣሪያ በፊት በእጅ መብራት የምፈልገው እሱን ነው። ጠጠር የሚያገኘውን የፊቱን ኮንደንሰር፣ የጋዝ መሙያውን ቫልቭ፣ የመጋጠሚያዎቹን ጎሚኒዎች (ኦሪንጎቹን) አያለሁ። ከዚያ የሚያነፈንፈው መሣሪያ ይመጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጫፉን የምይዘው ከመጋጠሚያው በታች ነው፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየሄደ። ቸኩለህ ካሳለፍከው ቀዳዳውን ዘሎ ይሄዳል። አጠገብህ ሰው በቤንዚን ዕቃ እያጠበ ከሆነም በከንቱ ይጮኻል። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀውን ኢቫፖሬተር ለመፈተሽ ቬንትሌተሩን ለአፍታ አስነስቼ አጠፋለሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ ውኃ የሚወርድበት ቱቦ አፍ ላይ ጫፉን እይዛለሁ።

«ቫክዩም ይዟል፣ አያፈስም» የሚለው ፍርድ አያሳምነኝም። በቫክዩም ጊዜ በውጭና በውስጥ መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ አንድ የአየር ግፊት ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ደግሞ ሦስት አራተኛው ብቻ። ኤሲው ሲሠራ በከፍተኛ ግፊቱ መስመር ከ10 ባር ያልፋል፤ በቫክዩም ጥብቅ ብሎ የተቀመጠ ኦሪንግ ያኔ ይከፍታል። (ጌጁ 30 ኢንች አልደረሰም ብሎ ፓምፕ የሚቀይር ባልደረባም አለ። እዚህ ከተማ ፓምፑ አዲስም ቢሆን 23 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ 30ው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው።) አስተማማኙ ፍተሻ በመቆጣጠሪያ ተለክቶ በሚገባ ደረቅ ናይትሮጅን የሚደረገው ነው። በእሱ ፈንታ ሌላ አይሞከርም፦ የጎማ መንፊያው አየር እርጥበት ያስገባል፤ ኦክሲጅን ከዘይት ጋር ይፈነዳል።

ብዙ መኪኖች ላይ ያለው አር 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ አየር ላይ ሲለቀቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ያሞቃል። «ጭስ የለውም» ብለን የገዛነው መኪና ላይ ጋዙን በየጊዜው እየሞሉ መልቀቅ አያምርም።

ጥፋቱን ሁሉ ጋራዦች ላይ መደፍደፍ ግን ቀላል ነው። ደንበኛው ለጋዝ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ ሁለት ሰዓት መኪናው ስር ተኝተህ አንዲት ኦሪንግ ስታገኝለት «ምን ቀየርክልኝ?» ይልሃል። በዚህ ሒሳብ ቀዳዳውን የሚፈልገው ይከስራል፣ ጋዝ የሚሞላው ያተርፋል። ለጋራዥ ፈቃድ የሚሰጠውም ክፍል ሚዛን፣ ጋዝ መሳቢያ ማሽንና ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የተለየ ቱቦ መኖሩን አይቶ ይስጥ። ባለመኪናውም «ጋዝ» ብቻ የተጻፈበትን ደረሰኝ አይቀበል፤ ስንት ግራም ወጣ፣ ስንት ግራም ገባ፣ ያፈሰሰው የቱ ነበር፣ ሦስቱም ይጻፉለት።