ከማማው ውረዱ

ኬንያ ሄጄ ድንኳን ውስጥ እንደማድር ስነግራት፣ እናቴ መጀመሪያ ያለችኝ «ማን ሞቶ ነው?» ነው። እየቀለደች አልነበረም። ለእሷ ድንኳን ወይ የለቅሶ ነው ወይ የሠርግ፤ ሦስተኛ የለውም። ዋጋውን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ይሁን፤ ግን ቢያንስ ከፍ ያለ ቦታ ያዢ፣ አውሬ እንዳይደርስብሽ» አለች።

ሳታውቀው የሳፋሪ ሻጮችን ቃል ነው የደገመችው። ማሳይ ማራ ወይም ሴሬንጌቲ ለመሄድ ብር ያጠራቀመ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ በቋሚ ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሎጅ ወይስ ድንኳን? የሚሰጠው ምክርም ሁሌ አንድ ነው። ከፍ ያለው ለእይታ፣ ለነፋሻ አየር፣ ለደህንነት፤ ድንኳኑ «እውነተኛውን አፍሪካ» ለሚፈልግ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ እንደ ምርጫችሁ ነው ይሏችኋል። እኔ ግን ሁለቱንም አድሬባቸዋለሁ፤ ነገሩ እንደ ፒዛ ዓይነት «እንደ ምርጫችሁ» የሚባል አይደለም።

ከማማ ልጀምር። አያቴ የማሽላ ማሳው ላይ ማማ ነበረው። አራት ቋሚ፣ ላዩ ላይ ርብራብ፣ ለጥላ የሚሆን ትንሽ ሣር። ማሽላው ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ቀን እስኪታጨድ ድረስ ኑሮው እዚያ ነበር፣ ወንጭፉን ይዞ። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ማታ ጃርትና ከርከሮ ይመጣሉ። እይታው በጣም ቆንጆ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ወጥቼ አይቻለሁ። አያቴ ግን ስለ እይታው አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማሁም። እዚያ የወጣው ከታች ያለው የዓመት ቀለቡ ስለሆነ ነው።

አሁን የሳፋሪውን ማማ እንየው። የዚህ ሁሉ ሎጅ ቅድመ አያት በኬንያ አበርዴር ደን ውስጥ ያለው ትሪቶፕስ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1932 ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ የሆቴል ባለቤት አንድ ትልቅ የሾላ ዘር ዛፍ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ ሠራ። ይህንን ዛፍ ኪኩዩዎች ሙጉሞ ይሉታል፤ እንደ አድባር የሚከበር፣ ሥሩ ጸሎትና መሥዋዕት የሚቀርብበት ዛፍ ነው። እንግዶቹ ጠብመንጃ በያዘ አዳኝ ታጅበው በእግር ይመጡና በመሰላል ይወጣሉ፤ ከታች ካለው ኩሬ ውሃ ሊጠጡ የሚመጡትን ዝሆኖች ያያሉ። በየካቲት 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ አደረች። በዚያው ሌሊት አባቷ ሳንድሪንግሃም ውስጥ ሞተ፤ ጠዋት ስትወርድ ገና ሳታውቀው ንግሥት ሆናለች። ሆቴሉ በዚህች አንዲት ሌሊት ዕድሜ ልኩን ሲነግድባት ኖሯል።

በማስታወቂያው ላይ ብዙም የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቅኝ ገዢው መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ መሬታቸውን የተነጠቁ የማው ማው ታጋዮች መሸሸጊያቸው ያው የአበርዴር ደን ሆነ። በ1954 ትሪቶፕስን አቃጠሉት። በ1957፣ ዴዳን ኪማቲ በተሰቀለበት ዓመት፣ ሆቴሉ ከኩሬው ማዶ ከበፊቱ ሰፍቶ እንደገና ተሠራ። ዛሬ ደኑን ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኤሌክትሪክ አጥር ከብቦታል፤ በ2009 ነው ያለቀው። አጥሩ የተሠራው ዝሆኑንና ገበሬውን ለመለየት ነው፤ ገበሬውንም ጠቅሞታል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የአያቴ ዓይነት ሰው፣ ማታ ማታ ማሳውን ሲጠብቅ የኖረው ሰው፣ ከአጥሩ ውጪ ነው ያለው። ከአጥሩ ውስጥ ማማው ላይ ያለው እንግዳ ደግሞ ከታች የሚበላበት ምንም ነገር የለውም።

ይህንን የገባኝ ራሴ ባደርኩበት ሌሊት ነው። ስሙን አልጠራም፤ በቋሚዎች ላይ የተሠራ፣ ኩሬ ላይ የሚያይ፣ በረንዳው ሰፊ የሆነ ሎጅ ነው። ዝሆን ሲመጣ የሚቀሰቅስ ደወል በየክፍላችን ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። ነጭ ጋቢ የመሰለ የሆቴል ካፖርት ለብሰን ወጣን፤ ወደ ሃያ ሰው እንሆናለን። ከታች ትልልቅ መብራት በርቷል፤ ዝሆኖቹ ጨው የተደረገበትን መሬት በጥርሳቸው ይቆፍራሉ። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ሁላችንም ቪዲዮአችንን ይዘን ተመልሰን ተኛን። ጠዋት ከበረንዳው ሳይ በኩሬው ዙሪያ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ ዱቄት ሆኗል። ጨው ካስቀመጥክለትና ውሃ ካቆርክለት እንስሳው ይመጣል፤ በየቀኑ ከመጣ ደግሞ አካባቢውን ይጨርሰዋል። ይህ ዝሆን በሻይ ሰዓት የሚጠራበት ቲያትር ነው፤ እኛ ፎቅ ላይ ያለን ተመልካቾች ነን።

«ግን ከአውሬ ይጠብቃል» ትሉኛላችሁ። ከምን? ነብር ዛፍ ላይ የሚወጣ እንስሳ ነው። ዝንጀሮና ጦጣ ደረጃውን ከእናንተ በፊት ነው የሚወጡት፤ የእኔን ሙዝ የወሰደችው ጦጣ የበረንዳውን በር ከፍታ ነው የገባችው።

ድንኳኑ ጋ የነበረው ሌላ ነው። ማራ አጠገብ፣ ማሳዮች በያዙት መሬት ላይ፣ ስምንት ድንኳን ብቻ ያለው ካምፕ። ከመሸ በኋላ ብቻችሁን መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ እራት ለመብላትም ለመመለስም ጦርና ባትሪ የያዘ ማሳይ ዘበኛ ይመጣላችኋል። ሦስት ሕግ ነገረኝ፦ ዚፑን እስከ ታች ዝጊ፣ ምግብ አታስገቢ፣ የፈለገ ድምፅ ብትሰሚ አትውጪ። ሌሊት ጉማሬ ሣር እየነጨ አጠገቤ መጣ። አላየሁትም። ሣሩን ሲቆርጥ፣ ሲተነፍስ፣ ሆዱ ሲጮህ ሰማሁት፤ በመካከላችን ያለው አንድ ሸራ ነው። ለማንም የሚታይ ቪዲዮ የለኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሌላ ፍጡር ቤት በእንግድነት እንዳለሁ ተሰማኝ፤ እንግዳ ደግሞ ጨዋ ይሆናል።

ይህንን ብዬ ብቻ ብተው ግን የማስታወቂያውን ሌላኛውን ገጽ አነበብኩላችሁ ማለት ነው። ምክንያቱም «ድንኳን» የሚለው ቃልም ተሰርቋል። ዛሬ ድንኳን ብለው የሚሸጡላችሁ ብዙው ነገር ከሥሩ ኮንክሪት፣ ከጎኑ የመዋኛ ገንዳ፣ ከውስጡ የመዳብ ባኞ ያለው ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ ብቻ ሸራ ጣል አድርገውበታል። በ2025 የማራ ፓርክ ውስጥ፣ ሳንድ ወንዝ ዳር፣ የአንድ ዓለም አቀፍ ሆቴል ካምፕ ተከፈተ፦ 20 «ድንኳን»፣ እያንዳንዱ የራሱ ገንዳ ያለው። የእንስሳቱን መሻገሪያ ይዘጋል ብለው የማሳይ ተሟጋቾች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ባለሀብቶቹ ፈቃዳችን ሙሉ ነው አሉ። ክርክሩን ለጊዜው እንተወው። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ገንዳ እንዴት ነው የሚነቀለው?

ድንኳን ማለት የሚነቀል ነገር ነው እኮ። ይህንን ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር፣ ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነሳ ማለት ነበር። ሴሬንጌቲ ውስጥ በትክክል እንደዚያ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ካምፖች አሉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑት ዋይልድቢስቶች ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ሣር ተከትለው ይዞራሉ፤ የካቲት አካባቢ በደቡብ ንዱቱ ሜዳ ላይ ይወልዳሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በሰሜን የማራን ወንዝ ይሻገራሉ። ካምፖቹም ተነቅለው ይከተሏቸዋል። ፎቁ ሎጅ ይህንን ማድረግ አይችልም። እንስሳው ሲሄድበት ወይ ባዶ ይቀመጣል፣ ወይ ውሃና ጨው አስቀምጦ ይለምናል።

አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ቦትስዋና ኦካቫንጎ ውስጥ፣ ከአንጎላ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን በሚሸፍንበት አገር፣ ከፍ ማለት ግዴታ ነው፤ እዚያ ድንኳኑም የሚቆመው በእንጨት መድረክ ላይ ነው። አራት ቋሚ እንጨት ከአንድ የኮንክሪት ወለል ይልቅ መሬቱን ያነሰ እንደሚጎዳም አውቃለሁ። ጉዳዬ ከሜትሩ ጋር አይደለም። የእንስሳውን መንገድ የሚከተለው ማን ነው፣ መንገዱን ወደ ራሱ የሚያጣምመውስ ማን ነው፣ ነው።

የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውም አለ፤ ይሄኛው የበለጠ ይከብዳል። ድንኳን ብቻውን ማንንም ንጹሕ አያደርግም። ማሳዮች በ1959 ከሴሬንጌቲ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛወሩ። በሰኔ 2022 ደግሞ ታንዛኒያ ሎሊዮንዶ ላይ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ለእንስሳት ብላ ስታጥር ግጭት ሆነ፤ አንድ ፖሊስ ተገደለ፣ ብዙ ሰዎች ቆሰሉ፣ ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ። እንደዚህ በተገኘ መሬት ላይ በጣም ትንሽ፣ በጣም ቆንጆ፣ በጣም «አረንጓዴ» ድንኳን ቢተከል ምን ይለወጣል? ማራ ዙሪያ ያሉት የማሳይ ጥብቅ ቦታዎች የተሻለ ነገር ሞክረዋል፦ ባለመሬቶቹ ማሳቸውን አንድ ላይ ያከራያሉ፣ የአልጋው ቁጥር ይገደባል፣ ኪራዩ በቋሚነት ይከፈላቸዋል። ፍጹም አይደለም። ዘበኛዬን ስለዚህ ስጠይቀው ኪራዩ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቀጥሎ ግን ካርታው በአባቱ ስም እንደሆነ፣ እናቱ ምንም እንደማታገኝ፣ በበጋ ከብት የት እንደሚሰማራም ሌሎች እንደሚወስኑ ጨመረልኝ። ይህንን ሁሉ የነገረኝ ከመመገቢያው እስከ ድንኳኔ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከበረንዳ ላይ አልሰማውም ነበር።

ይህ የኬንያ ጉዳይ ብቻ መስሏችሁ እንዳትተኙ። እኛም በጎርጎራ፣ በወንጪ፣ በጨበራ ጩርጩራ ሎጅ ሠርተናል። ፎቶዎቹን ሁላችንም ሼር አድርገናል፤ እኔም አድርጌያለሁ። ስለ መስኮቱና ስለ እይታው ስናወራ ግን ፍሳሹ የት ይሄዳል፣ ገበሬው ማሳውን ከዝሆንና ከዝንጀሮ እንዴት ይጠብቃል ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ነው?

ስለዚህ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ለሎጁም ለካምፑም አንድ መልእክት ላኩ፦ መሬቱ የማን ነው፣ ኪራዩስ ለማን ይከፈላል? ነገ ብትሄዱ ምን ቀርቶ ይታያል? እኔ ለአምስት ቦታ ልኬ ሁለቱ መለሱ። አንደኛው የገንዳውን ፎቶ ላከልኝ።

እናቴ ሰሞኑን እሷም መሄድ እንደምትፈልግ ፍንጭ መስጠት ጀምራለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አትወድም። ጉማሬው በሸራው በኩል ሲተነፍስ እንደሰማሁት ስነግራት «ታዲያ ምን አልሽው?» አለችኝ።