ቁቤ እንግሊዝኛ አይደለም

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል በቁቤ የተጻፈውን የጫልቱን ስም «ካልቱ» ብሎ ሲያነብ ምላሱ አቅቶት አይደለም። ጨ በአማርኛም አለች፤ ጠም ቀም አሉ። የለንደን ዜና አንባቢ የአምቦውን ልጅ፣ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳን «ሃቻሉ» ቢለው አንቀየመውም፤ ቋንቋው ድምፁን አልሰጠውም። ጨው፣ ጫማ እያለ ያደገ ሰው ግን ምን ይላል? የሚሳሳተው የላቲን ፊደል ባየ ቁጥር እንግሊዝኛ ስለሚመስለው ነው።

ኦሮምኛ ቁቤን የሥራ ፊደሉ ያደረገው በ1984 ዓ.ም. ነው። በቁቤ «ሲ» ብቻዋን ስትጻፍ ጨ ናት፤ «ኤች» ሲከተላት ቸ ትሆናለች። «ኤክስ» ጠ፣ «ኪው» ደግሞ ቀ ነው። ይህን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ይበዛል። ያልያዘው ግን በእኛው ምዕራብ ሸዋ ግንጪን «ጊንሲ» ይላታል፤ ጥቁር እንጭኒ ላይ ሲደርስማ ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው። አንድ የምርቃት በዓል ላይ መድረክ መሪው የአንዲት ተመራቂን ስም እንዲህ አዛብቶ ደጋግሞ ሲጠራ ልጅቱ ጓደኞቿ እስኪጎሽሟት ድረስ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ታዲያ በፊደላችን ይጻፍ» የሚል አይጠፋም። በአማርኛ ጽሑፍማ ይጻፍ፤ ግን ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም። ገመቹ ላይ መ እንደሚጠብቅ የሚናገረው ቁቤ ነው። ቁቤ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል፤ የጀልዱ ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ብር ሲያመጣ፣ የአባቱ ስም በላቲን የተጻፈው በቁቤ ሥርዓት አልነበረም። ዓለም «ሊሌሳ» አለው፤ እኛም ከዓለም ተቀብለን «ሊሌሳ» ስንል ከረምን።

ከኦሮምኛ ተነባቢዎች አማርኛ በእርግጥ የሌለው አንድ ነው፤ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ሲደረግ የሚወጣው ዸ። አንባቢ ሁሉ አጥርቶ ይበለው አልልም፣ ከልጅነት ያልለመዱት ይከብዳል። መጻፍ ግን አይከብድም። መጽሔታችሁ «ዱጉማ» እያለ የሚያትመው ስም ዹጉማ ነው፤ «ዳባ» ከምትሏቸውም ውስጥ ዻባ የሆኑ አሉ። ዘጋቢያችሁ ስሙ የቱ እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከዚያ እንደሰማው ይጻፈው። ፊደሉ በእኔ ተራ ስልክ ላይ እንኳ ስላለ ማተሚያ ቤታችሁ አያጣውም።

አንድ አንባቢያችሁ
ከአምቦ