ተማሪዋ ሲስተሙን አላበላሸችም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላብ የምትይዙ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ስለ ኢማክስ ነው፤ ኮድ ስለምንጽፍበት ኤዲተር። ባሕር ዳር ላይ የኔትወርኩንም የመብራቱንም ነገር ታውቁታላችሁ። ተማሪው ሁሉ የየራሱን ፓኬጅ ከኢንተርኔት ያውርድ ካልን ክፍለ ጊዜው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ አንዴ አውርዶ፣ በፍላሽ አዙሮ፣ በየማሽኑ ለሁሉም ተጠቃሚ በሲስተም ደረጃ መጫን ትክክል ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የኔ ክርክር ከተጫነ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙ ይቆይ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፓይተን ስትጽፍ በሷ አካውንት ብቻ ኤዲተሩ ኤረር እያወጣ አስቸገረ። የላቡ ኃላፊ "ሲስተሙን አበላሽታለች" ብሎ ሁለት ሳምንት አገዳት። ልጅቷ ያደረገችው ከዘመዷ ላፕቶፕ የገለበጠችውን አሮጌ የፓይተን ላይብረሪ ሆም ፎልደሯ ውስጥ ማስቀመጥና ሴቲንግ ፋይሏ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። በቃ። የሌላ ሰው አካውንት አልተነካም። ከእገዳው ስትመለስ ግን ከተሰጣት መልመጃ ውጪ ምንም ነገር ለመንካት ትፈራ ነበር። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ምን ሆኖ ነው? ኢማክስ ላይብረሪ ሲፈልግ ሎድ-ፓዝ የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያያል። መጀመሪያ ያገኘውን ይጭንና ያቆማል፤ አዲስ ነው አሮጌ ብሎ አይጠይቅም። ተማሪው የሚጨምረው ፎልደር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ አናት ላይ ስለሚገባ የሲስተሙን ቅጂ ይሸፍነዋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ ያለ አድሚን ፈቃድ የራስህን እንድትሞክር ታስቦ የተሠራ ነው። ጣጣው ግማሹ ከሆም፣ ግማሹ ከሲስተም ተጭኖ ቨርዥናቸው ሳይጣጣም ሲቀር ነው። ጊት የምትጠቀሙ በማጂት አይታችሁት ይሆናል። ማጂት ትራንዚየንት የሚባል ላይብረሪ ይፈልጋል። ትራንዚየንት እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ኢማክስ 28 ጀምሮ ከኢማክሱ ጋር ይመጣል፤ አዲሱ ማጂት ደግሞ ከዚያ የባሰ አዲስ ይጠይቃል። ሁለት ትራንዚየንት በአንድ ማሽን! የትኛው ቀድሞ ይገኝ ይሆን?

ለመለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኢማክስን በሰረዝና በትንሹ ኪው ስትከፍቱት የተማሪውን ሴቲንግ ይዘላል። ከሠራ ችግሩ ሆም ውስጥ ነው። ካልሠራ በትልቁ ኪው ክፈቱት፤ ለሁሉም የተዘጋጀውንም ይዘላል። አሁን ከሠራ ጉዳዩ የተማሪው ሳይሆን የጫነው ሰው ነው። "ሊስት-ሎድ-ፓዝ-ሻዶውስ" የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሸፈነ ከነአድራሻው ይነግራችኋል። ልጅቷን ከማገድ ይሄ አይቀልም?

የምትጭኑ ሰዎችም እባካችሁ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በሱዶ የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ በእጅ አትገልብጡ። ያ ቦታ የፓኬጅ ማናጀሩ ነው፤ አፕዴት ሲመጣ ሊደመስሰው ይችላል። በእጅ ለሚጫን የተተወው ዩኤስአር-ሎካል ሥር ያለው ሳይት-ሊስፕ ነው። ኮምፓይል የተደረገ ፋይልም ከሌላ ማሽን አታምጡ። ኢማክስ ካልተነገረው በቀር ኮምፓይል የተደረገውን ያስቀድማል፣ ምንጩ አዲስ ቢሆንም እንኳ። እዚያው ማሽን ላይ ኮምፓይል አድርጉት፤ የዴቢያን ፓኬጆችም ሲጫኑ እንደዚያው ነው የሚያደርጉት። (በነገራችን ላይ አማርኛ መጻፊያ ፍለጋ አትድከሙ። ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ የሠራው ኢማክስ ውስጥ አለ፤ ስሙም "ኢትዮፒክ" ነው።)

"ታዲያ ሆም ፎልደሩን ቆልፈን ለምን አንገላገልም?" የሚሉኝ አሉ። ትችላላችሁ። ግን ከአርባ ተማሪ መሀል የራሱን ፋይል አምጥቶ የሚሞክረው አንዱ ነው፣ የምትቆልፉትም በሱ ላይ ነው። የሲስተሙ ቅጂ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመጠ ተማሪው ያመጣው ቢያስቸግር ያቺን አንድ መስመር ማጥፋት ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ያላችሁ የላብ ሰዎች፣ ያስቸገራችሁ ማሽን ካለ የሻዶውሱን ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሻይ እየጠጣን አብረን እናየዋለን፤ ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።