አየሩ ከየት ገባ?



በዚህ ወር የምናነሳው ርእስ ለቤተሰብ አምድ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ አሮጌ መኪና የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ቡናው ገበያ የሚወጣበት፣ ታማሚው ሐኪም ቤት የሚደርስበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት እርሱ ነው። በመሆኑም ስለ መኪና ፍሪሲዮን መነጋገር ስለ ቤተሰብ መነጋገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአሮጌዋ ቶዮታ ሃይሉክሳችን ቤተሰቡን ይዘን ከበዴሳ በኩኒ በኩል ወደ ጭሮ እንመለስ ነበር። የፍሪሲዮኑ ፔዳል መላላት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ስናደርገው ስለሚጠነክርልን «እንደርስበታለን» እያልን አዘገየነው። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ለመቀነስ ስንረግጥ ፔዳሉ ወለል ነክቶ ቀረ። ሦስተኛው ማርሽ ወጣ፤ ሁለተኛው ግን እየጮኸ አልገባ አለ። መኪናዋ በፎሌ ሆና፣ ሞተሩ ሳይዛት፣ በፍሬን ብቻ ቁልቁል ወረደች። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሲመጣ ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ሁሉ ጸጥ አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ ሜዳማ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆምን።

ሊረዱን ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ «የሞተር ዘይት ጨምሩበትና ሂዱ፣ ጭሮ ያደርሳችኋል» አሉን። በቅንነት ነው ያሉት። እኛም ልባችን ሸፍቶ ነበር። ይሁንና ልጆቹን በሌላ መኪና አሳፍረን፣ የእኛዋን በአደራ ትተን ሄድን። ለምን እንደዚያ እንዳደረግን ለመረዳት የፍሪሲዮኑን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን ለጊዜው የሚያላቅቅ ክፍል ነው። እንደ ድሮዋ ቮልስ ባሉት መኪኖች ፔዳሉ የሚስበው የሽቦ ገመድ ነው። በብዙዎቹ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ግን የገመዱን ሥራ የሚሠራው ፈሳሽ ነው። ፔዳሉ የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ካምቢዮው አጠገብ ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። በሲሊንደር ውስጥ ፒስተን እየተመላለሰ ውሃ የሚስብበትን ባለሁለት ሲሊንደር ፓምፕ አል-ጀዘሪ የተባለው ሙስሊም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1206 (በ602 ዓመተ ሂጅራ) ባጠናቀቀው መጽሐፉ በሥዕል አስደግፎ ገልጾት ነበር። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ያስረዳው ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል ነው።

ምስጢሩ ያለው ፈሳሽ በቀላሉ የማይታመቅ በመሆኑ ነው። አየር ግን ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት አየር ከገባ የእግራችን ኃይል አየሩን በማመቅ ያልቅና ታች ሳይደርስ ይቀራል። ፔዳሉ ይላላል፤ አንደኛና የኋላ ማርሽ እየጮኹ ያስቸግራሉ። መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው። ይህም በቤት ሊሠራ የሚችል፣ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋና ይቀዝቅዝ። የእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ለማስወጫዋ ብሎን ልክ የሆነ ቁልፍ፣ በብሎኗ ጫፍ ላይ ጥብቅ የሚል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ፣ አንድ ጠርሙስና ጨርቅ ይዘጋጁ። የዘይቱ ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ በአብዛኛው በዕቃው ክዳን ላይ ተጽፏል።

ቀጥሎ የዘይቱ ዕቃ ክዳን ከአቧራ ተጠርጎ ይከፈትና እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ። ከታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችው ማስወጫ ብሎን ትጽዳ። መጀመሪያ ቁልፉ፣ ከዚያ ቱቦው ይግባ። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ውስጥ ይጥለቅ።

እኛ ከሥር ሆንን፣ ልጃችን መሪው ጋ ተቀመጠች። «ርገጪ!» ስንላት ቀስ ብላ ሦስት አራት ጊዜ ረግጣ በመጨረሻው እግሯን ወለል ላይ ታቆያለች። «ይዣለሁ፣ አባዬ» ስትለን ብሎኗን ሩብ ዙር እንከፍታለን። ዘይቱ ከአረፋ ጋር ይወጣል። ብሎኗን እንዘጋለን፤ «ልቀቂ!» እንላለን። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። አንዴ እኛ ሳንዘጋ እግሯን በማንሳቷ የወጣው አየር ተመልሶ ገባና እንደገና ጀመርን። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ቃሉን አስቀድመን አልተስማማንበትም ነበር። በየአራት አምስት ረገጣው ዕቃው ይሞላ፤ ባዶ ከሆነ ከላይ አዲስ አየር ይገባል። አረፋው ጨርሶ ሲቆምና ፔዳሉ ሲጠነክር ብሎኗ ከመጠን ሳትጠብቅ ትዘጋ። ከዚያም ከፊትና ከኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ይሞከር፤ ሞተሩ እየሠራ የኋላ ማርሽ ሳይጮኽ መግባት አለበት።

የሞተር ዘይት ያልጨመርነው ለዚህ ነው፦ በፓምፖቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች የተሠሩት ለፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይልማሉ። ያን ጊዜ ሥርዓቱን በሙሉ አጥቦ ጎሚኒዎቹን መቀየር እንጂ አየር ማስወጣት አያድነውም። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ ዘይት የሚያገኙት ከአንድ ዕቃ ነው፤ እዚያ የተጨመረው ስሕተት ፍሬን ድረስ ይሄዳል። ተከፍቶ የከረመ ዘይትም አይጨመር፤ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የመፍያው መጠን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላለበት አገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እናቶችና አባቶች ልብ በሉ፦ የፍሬን ዘይት መርዝ ነው። በለስላሳ ጠርሙስ ተደርጎ ልጆች በሚደርሱበት ቦታ ፈጽሞ አይቀመጥ። በአፍም አይሳብ። ቆዳ ወይም የመኪና ቀለም ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደብን። ይሁንና በዚህ ብቻ ረክተን ቢሆን ኖሮ ራሳችንን ባታለልን ነበር። በተዘጋ ሥርዓት ውስጥ አየር ዝም ብሎ አይገባም፤ ዘይት በሚወጣበት ቀዳዳ ይገባል። ከፔዳሉ በላይ ያለውን ፓምፕ፣ ቱቦውንና የታችኛውን ፓምፕ በጣታችን ዳሰስን። የታችኛው ፓምፕ የአቧራ መከላከያ ጎማ ሲገለጥ ውስጡ በዘይት ርሶ አገኘነው፤ ጎሚኒው አልቋል። ቀየርነው፤ እንደገና አየሩን አስወጣን። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የዘይቱን ልክ እናያለን፤ ከቀነሰ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም።

ውድ አንባቢያን፣ ያ የላላ ፔዳል ለአንድ ሳምንት ሙሉ ሲነግረን ነበር። እኛ ግን ደጋግመን በመርገጥ ዝም አሰኘነው። በመኪናችን የምናሳፍረው ሰው አማና ነው። ፔዳሉ ሲላላ «ስንት ጊዜ ልርገጠው?» ሳይሆን «አየሩ ከየት ገባ?» ብለን እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።